ዳገት ላይ አብሮ መሄድ

ትከሻ ለትከሻ የሚራመዱ ሁለት መንገደኞች ሁሉ አብረው እየሄዱ ነው አይባልም። ፈላስፋዋ ማርጋሬት ጊልበርት እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው ጽሑፍ ልዩነቱን ያገኘችው ወቀሳ ላይ ነው። አብሮ ለመሄድ የተስማማ ሰው ጓደኛውን ዝም ብሎ ጥሎ ቢሄድ ይወቀሳል፤ በአጋጣሚ አጠገብ የነበረ መንገደኛ ግን ጥሎ ቢያልፍ ማንም አይቀየመውም።

ሐሳቡ ለእግረኛ ይመቻል፤ ለብስክሌተኛ ግን ያስቸግራል። ከአምበር ተነስተው ወደ ጮቄ የሚወጡ ጓደኛሞች ይታሰቡ። አምበር ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ማርቆስ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች ከተማ ናት፤ በስተሰሜኗ የጮቄ ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ይደርሳል። ታች ጤፍና ስንዴ ይበቅላል፤ ከፍ ሲባል ገብስና ድንች ይተካል፤ ከዚያ ውርጩ ላይ ጓሳና ጅብራ ብቻ ይቀራል። አህያና ገበያተኛ የጠረገው ቀጭን መንገድ ለማውንቴን ጎማ ይበቃል፤ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ግን አያሳልፍም።

እግረኛ ጓደኛው ሲደክም እርምጃውን ያሳጥራል። ብስክሌት ይህን አይፈቅድም፤ የሚቆመው እየሄደ ነውና ከልክ በላይ ከዘገየ ይወድቃል። ዳገቱ ሲከብድ እያንዳንዱ ከራሱ ማርሽና ከራሱ ትንፋሽ ጋር ይቀራል። 4,000 ሜትር ላይ የአየር ግፊቱ የባሕር ጠለሉን 60 በመቶ ያህል ብቻ ስለሆነ ለወሬ የሚተርፍ ትንፋሽ የለም። ሰልፉ ይበጣጠሳል፤ ፊተኛው ከኩርባው ወዲያ ይሰወራል፤ ግን ማንም አይወቅሰውም። የሚወቀሰው መንታ መንገድ ላይ ሳይጠብቅ ያለፈው ነው። ጊልበርትም ስምምነቱ ይህ ከሆነ ትቃወማለች ተብሎ አይገመትም፤ ግዴታው ከጉዞው ወደ መቆሚያው ተዛውሯል።

የማውንቴን ብስክሌት ስፖርት ታሪክም ይህን ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ካሊፎርኒያ ውስጥ በታማልፓይስ ተራራ አካባቢ ጓደኛሞች አሮጌ ብስክሌቶችን እየጠገኑ ቁልቁል ይወርዱ ነበር። በ1976 የጀመሩት ውድድር ስሙ «ሪፓክ» ነው፤ በቁልቁለቱ የፍሬኑ ግራሶ እየተቃጠለ ስለሚያልቅ በየጊዜው እንደገና ይሞላ ነበርና። ተራ በተራ ለየብቻ ወርደው ታች ይሰበሰባሉ። አርስቶትል ጓደኛሞች በሕይወት የሚወዱትን ነገር አብረው ማድረግ እንደሚሹ ሲጽፍ መጠጥን፣ አደንንና ፍልስፍናን ሳይቀር ጠቅሷል፤ ለየብቻ እየተሠራ የጋራ የሚሆን ነገር ግን ከምሳሌዎቹ ውስጥ የለም።

መቆሚያው ላይ ሌላ ጥያቄ ይነሣል፤ የፍትሕ ጥያቄ። ቀድሞ የደረሰው ብስክሌቱን ጓሳው ላይ ያስተኛል፣ ውሃ ይጠጣል፣ ቆሎውን ይዘግናል፣ ቁልቁል የተዘረጋውን አገር እስኪጠግብ ያያል። ላቡ ደርቆ ብርድ ሲጀምረው መጨረሻው ሰው ብቅ ይላል። ይህ ሰው አንድ እግሩን መሬት ሲያስነካ «በል እንሂድ» ይባላል። ከሁሉ ይበልጥ ዕረፍት የሚያስፈልገው ሳያርፍ፣ ተራራውንም ሳያይ ይነሣል። ሁሉም እኩል ስለተነሱ አድልዎ አይመስልም፤ ሆኖም የፊተኞቹ ዕረፍት የተገኘው ከኋለኛው ድካም ነው። (ጎማ ሲተነፍስ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካላማደሪያው እስኪለጠፍ ድረስ ፈጣኑም ዘገምተኛውም እኩል ያርፋል።)

መጠበቅ እንግዲህ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሰውየው እስኪደርስ መጠበቅ ነው፤ ይህ ቆጠራ ነው፣ የጠፋ አለመኖሩን ማረጋገጫ ነው። ሌላው ትንፋሹ እስኪመለስ መጠበቅ ነው፤ ዋጋው ብርድ ስለሆነ ጮቄ ላይ ቀላል አይደለም። አብሮ መሄድ የሚባለው ሁለተኛው ነው፤ ስለዚህ «እንነሳ» የማለት መብት መጨረሻ ለደረሰው ሊተው ይገባል።