ትዕግሥት ብቻውን በር አይከፍትም

ለወጣት ሁሉ የምንሰጠው ምክር አንድ ነው፦ ታገሥ፣ ጠንክረህ ሥራ፣ ቀን ይወጣልሃል። ምክሩ ውሸት አይደለም፤ ግን ጎዶሎ ነው። የጎደለው ምን እንደሆነ የአሜሪካዊው ጎልፍ ተጫዋች የቻርሊ ሲፎርድ የወጣትነት ዘመን በደንብ ያሳያል።

ሲፎርድ እ.ኤ.አ. በ1922 በሰሜን ካሮላይና ግዛት፣ በሻርሎት ከተማ ተወለደ። በልጅነቱ በነጮች ክለብ የተጫዋቾችን ቦርሳ እየተሸከመ በቀን 60 ሳንቲም ያገኝ ነበር። 50ውን ለእናቱ ይሰጣል፤ በቀረችው 10 ሳንቲም ሲጋር ይገዛል። ያ ሲጋር ዕድሜ ልኩን ከአፉ ሳይጠፋ መታወቂያው ሆነ። ጨዋታውንም እዚያው እያየ ለመደው፤ በ13 ዓመቱ ሜዳው በሚጠይቀው የምት ብዛት መጨረስ ችሎ ነበር።

በ1948 ፕሮፌሽናል ሲሆን ችሎታ አላነሰውም። ነገር ግን ታላላቆቹን ውድድሮች የሚመራው ማኅበር፣ ፒጂኤ፣ አባልነትን ለነጮች ብቻ የሚፈቅድ አንቀጽ በደንቡ ውስጥ ነበረው። ስለዚህ ሲፎርድ ሽልማታቸው አነስተኛ በሆኑ የጥቁሮች ውድድሮች ላይ ይጫወት፣ ዘፋኙን ቢሊ ኤክስታይንን ጎልፍ እያስተማረም ይተዳደር ነበር። የጥቁሮችን ብሔራዊ ሻምፒዮና 6 ጊዜ አሸነፈ፤ ከ1952 እስከ 1956 ደግሞ የቀደመው አልነበረም።

በ1952 ከቦክሰኛው ጆ ሉዊስ ጋር በፊኒክስ ውድድር እንዲሰለፍ ተፈቀደለት። የመጀመሪያው ጉድጓድ ዘንድ ደርሰው ባንዲራውን ሲነቅሉ፣ ጉድጓዱ በሰው ዓይነ ምድር ተሞልቶ አገኙት። እስኪቀየርላቸው ቆመው ጠበቁና ጨዋታቸውን ቀጠሉ። በ1957 ሲፎርድ ነጮች በተሰለፉበት የሎንግ ቢች ውድድር አሸነፈ። ደንቡ ግን ንቅንቅ አላለም። በ1961 በግሪንስቦሮ የመጀመሪያውን ቀን እየመራ ጨረሰ፤ ማታ በስልክ የግድያ ዛቻ ደረሰው። በማግስቱ ተመልካቾች ከጉድጓድ ጉድጓድ እየተከተሉ ሲሰድቡት ዋሉ። እንዲያም ሆኖ አራተኛ ወጣ።

ትዕግሥት በር የሚከፍት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ከበቂ በላይ ነበር። በሩን ያስከፈተው ሌላ ሰው ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ስታንሊ ሞስክ የሲፎርድን ጉዳይ ያዘና፣ አንቀጹ እስካልተሰረዘ ድረስ ፒጂኤ በግዛቲቱ የሕዝብ ሜዳዎች ላይ መወዳደር እንደማይችል አስታወቀ። ማኅበሩ የ1962ን ሻምፒዮና ከሎስ አንጀለስ እስከ ማንሳት ደረሰ። በኅዳር 1961 ግን አንቀጹን ሰረዘ።

ሲፎርድ ያኔ 39 ዓመቱ ነበር፤ የስፖርተኛ ምርጥ ዓመታት አልፈዋል። ሆኖም በሩ ሲከፈት እጁ አልዛገም ነበር። በ45 ዓመቱ፣ በ1967፣ በሃርትፎርድ አሸነፈ፤ በ1969 ደግሞ የሎስ አንጀለስን ውድድር ወሰደ። ታላቁ የማስተርስ ውድድር ግን አንድም ቀን አልጋበዘውም። የነጻነት ሜዳሊያን ከፕሬዚዳንት ኦባማ እጅ የተቀበለው በ2014፣ በ92 ዓመቱ ነው።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው ለተገፋው ነው፦ በሩ መቼ እንደሚከፈት አይታወቅምና ሙያህን አትጣል። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ እንዘለዋለን፤ እሱ የሚመለከተው ሥልጣን ያለውን ነው። ሞስክ ሲፎርድን በርታ ብሎ ብቻ አላሰናበተውም፤ በእጁ ያለውን ሥልጣን ተጠቀመበት። የሰውን መንገድ የዘጋው ስንፍናው ሳይሆን ደንብ ከሆነ፣ ታገሥ ማለት ምክር አይሆንም፤ ከደንቡ ጎን መቆም ነው።