ሐያእ አንገት መድፋት ነውን?

ወደ መድየን ልውሰዳችሁ። ነቢዩ ሙሳ (ዐ.ሰ.) ከፊርዐውን አገር ሸሽተው ከአንድ ውኃ ዘንድ ይደርሳሉ። እረኞች መንጋቸውን ያጠጣሉ። ከእነርሱ ፈንጠር ብለው ሁለት እህትማማቾች እንስሶቻቸውን አግደው ቆመዋል። ሙሳ ምን እንደሆኑ ይጠይቋቸዋል፤ እነርሱም አባታቸው በዕድሜ የገፉ መሆናቸውን፣ እረኞቹ ሳይሄዱም እንደማያጠጡ በአጭሩ ያስረዳሉ። ሙሳ ያጠጡላቸዋል። በኋላም ከሁለቱ አንዷ በሐያእ እየተራመደች ትመለስና የአባቷን ጥሪ ታደርሳለች። ቁርኣን በሱረቱል ቀሰስ አረማመዷን ሳይቀር መዝግቦላታል።

ይህን አረማመድ በየኹጥባው እንሰማዋለን። እምብዛም የማንሰማው የሚከተለውን ነው። ከሁለቱ አንዷ (ያችው የሄደችው ናት የሚሉ ሙፈሲሮች አሉ) አባቷን ይህን ሰው እንዲቀጥሩት ትመክራለች። ለምክሯም መስፈርት ታቀርባለች፤ ብርታትና አማና። አባትየውም ልጅ ነሽ፣ ሴት ነሽ፣ ዝም በይ አላሉም። ከሙሳ ጋር ለስምንት ዓመት፣ ሙሳ ከፈለጉም ለዐሥር ተዋዋሉ። እንግዲህ በአላህ ቃል ውስጥ ስለ ቅጥር መስፈርት የተናገረችው፣ ከሐያእ ቤት የወጣች ሴት ናት።

ይህን ያነሣሁት ያለ ምክንያት አይደለም። በጋዜጠኝነት ሥራዬ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቁ በርካታ ሙስሊም እህቶችን አነጋግሬያለሁ። የጽሑፍ ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፈው ቃለ መጠይቅ ላይ የሚወድቁት ጥቂት አይደሉም። አንዷ የሒሳብ ባለሙያ ስትነግረኝ፣ ሦስት ወንዶች ተደርድረው ስለ ራሷ እንድትናገር ሲጠይቋት አንገቷን ደፍታ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረች። የምታውቀው ጠፍቷት አይደለም። ከልጅነቷ ጀምሮ «ሴት ልጅ ድምጿ አይሰማ» እየተባለች ነው ያደገችው። ፈታኞቹ በራስ መተማመን ይጎድላታል ብለው ጻፉ። ቤተሰቦቿ ደግሞ ጨዋነቷ ነው ሥራ ያሳጣት አሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች ስተዋል። ፈታኞቹ ዝምታን አለማወቅ አደረጉት፤ ቤተሰቦቿም ዓይን አፋርነትንና ይሉኝታን ሐያእ ብለው ሰየሙት።

ሐያእ ሰው አላህን አፍሮ ከመጥፎ ነገር መራቁ ነው። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ.) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገነቻቸው ሐያእ ዲናቸውን ጠይቀው ከመረዳት ስላላገዳቸው ነበር። የሚጠይቁትም እኛ ዛሬ ለመናገር የምንቸገርበትን የጠሃራ ጉዳይ ሳይቀር ነበር። ደግሞስ ሐያእ የሴት ብቻ ነው ያለን ማን ነው? ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐያእ ከኢማን መሆኑን የተናገሩት አንድ ወንድ ወንድሙን በሐያኡ ሲወቅሰው ሰምተው ነው። በሱረቱ ኑርም ዓይናቸውን እንዲሰብሩ መጀመሪያ የታዘዙት ወንዶች ናቸው፤ የሴቶቹ ትእዛዝ የመጣው ከዚያ ቀጥሎ ነው። እኛ ግን ሁለተኛውን አንቀጽ ይዘን የመጀመሪያውን እንዘለዋለን።

«ራስን ማወደስስ?» የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ራስን ማጥራራት በቁርኣን ተከልክሏል፤ ሹመትን መለመንም በሐዲስ ተነቅፏል። ነገር ግን ነቢዩ ዩሱፍ (ዐ.ሰ.) ከእስር ወጥተው በንጉሡ ፊት በቀረቡ ጊዜ የምድሪቱ ግምጃ ቤቶች ላይ እንዲሾማቸው ራሳቸው ጠየቁ፤ ጠባቂና ዐዋቂ መሆናቸውንም በአፋቸው ተናገሩ። ዑለማዎች ከዚህ ተነስተው፣ ሰው ለሚገባው ሥራ ያለውን ችሎታ እውነቱን ቢገልጽ፣ በተለይም ባይገልጽ ጥቅም የሚቀር ከሆነ፣ ነውር እንደሌለበት አስረድተዋል። ስለዚህ እህቴ ሆይ፣ የተማርሽውን፣ የሠራሽውን፣ የምትችይውን ሳትጨምሪ ሳትቀንሺ ተናገሪ። ውሸት ነው ሐያእን የሚያፈርሰው እንጂ ድምፅ አይደለም።

ከድምፅ ሌላ የልብስና የእጅ ጉዳይም አለ። እ.ኤ.አ. በ2008 በአሜሪካ ኦክላሆማ፣ ቱልሳ ከተማ፣ ሳማንታ ኢላፍ የምትባል የ17 ዓመት ወጣት አበርክሮምቢ ኤንድ ፊች በተባለ የልብስ መደብር ለመቀጠር ሒጃቧን ለብሳ ለቃለ መጠይቅ ቀረበች። ጠያቂዋ የሚያስቀጥር ነጥብ ሰጠቻት። የበላይ ኃላፊው ግን ሻሹ ከድርጅቱ የአለባበስ ደንብ ጋር አይሄድም ብሎ አስጣላት። ክርክሩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ደረሰ፤ በሰኔ 2015 እ.ኤ.አ. 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ተፈረደላት። ድርጅቱ «ለሃይማኖቷ መሆኑን አልነገረችንም» ብሎ ነበር የተከራከረው።

በስዊድን ኡፕሳላ ደግሞ ፋራህ አልሐጀህ ለአስተርጓሚነት ሥራ ቀርባ፣ ለጠያቂው ወንድ እጇን በመዘርጋት ፈንታ ደረቷ ላይ አድርጋ ሰላምታ ሰጠች። ቃለ መጠይቁ እዚያው ተቋረጠ። ድርጅቱ ወንድና ሴትን እኩል ያላስተናገደ ሠራተኛ አልቀበልም አለ። እርሷ ግን ወንዶችም ሴቶችም ባሉበት ለሁሉም እጇን ደረቷ ላይ ነው የምታደርገው፤ ማንንም አልለየችም። በነሐሴ 2018 እ.ኤ.አ. የሥራ ፍርድ ቤቱ እኩልነት መጠየቅ እንደሚቻል፣ በመጨባበጥ ብቻ ካልሆነ ማለት ግን እንደማይቻል ወስኖ 40,000 ክሮነር ካሣ አስከፈለላት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሴቶችን በይዓ በቃል ብቻ እንደተቀበሉ ለምታውቅ ሙስሊም፣ የዚያች ልጅ አቋም እንግዳ አይሆንባትም።

የእኛስ አገር? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 27 የሃይማኖት ነፃነትን፣ በአንቀጽ 35 የሴቶችን መብት ደንግጓል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም አሠሪ በፆታም ሆነ በሃይማኖት ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ለወላድም ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከደመወዝ ጋር ይሰጣል። ሆኖም ይኸው ፈቃድ ነው በቃለ መጠይቅ ላይ «መቼ ነው የምታገቢው?» ተብሎ በጎን የሚሰላው። ወንዱን ልጆችህን ማን ይይዝልሃል ብሎ የሚጠይቅ ፈታኝ እስከ ዛሬ አልገጠመኝም።

ይህን ሁሉ ሌላው ላይ ብቻ ብንለጥፈው ግን ፍትሕ አይሆንም። አንዲት እህት ሙስሊም ባለሀብት ዘንድ ለሽያጭ ሥራ ቀርባ፣ ደንበኛ እንዳይሸሽ ሒጃቧን «ትንሽ ቀለል» እንድታደርግ ተጠይቃለች። እናታችን ኸዲጃ (ረ.ዐ.) የንግድ ባለቤት ሆና፣ ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ገና ነቢይ ሳይሆኑ በታማኝነታቸው መርጣ ወደ ሻም እንደላከቻቸው የሚያውቅ ነጋዴ ነው ይህን ያለው!

ሌላም አባት አውቃለሁ። ልጃቸውን በሒሳብ አያያዝ አስመርቀዋል፤ በጥቁር ጋዋን የተነሳችው ፎቶግራፍ ሳሎናቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። የሱቃቸውን መዝገብ ግን የሚይዘው ሒሳቡ በየወሩ የሚጎድልበት ቅጥረኛ ነው። ልጅቷን ለምን እንደማያሠሯት ብጠይቃቸው «ሱቁ ወንድ ይበዛበታል» አሉኝ። እዚያ ሱቅ ውስጥ የሚበዙት ወንዶች ሦስቱ የገዛ ወንድሞቿ ናቸው።