ስለ ልጆች ጠጉርና ጌጥ ለወላጆች የተሰጠ ምክር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ፥ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።

በአዲስ አበባ፥ በአዲስ ከተማ ያለውን መርካቶን የማያውቅ የለም። በጣልያን ወረራ ዘመን (ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.) የሀገሬው ገበያ በአራዳ ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ተነሥቶ ወደዚህ እንዲዛወር ከተደረገ ወዲህ፥ ከሸማ ተራ እስከ ምን አለሽ ተራ፥ የሰው ልጅ የሚሻው ነገር ሁሉ ይሸጥበታል። በዚሁ ገበያ መካከል የቅዱስ ራጉኤል ቤተ ክርስቲያን ስላለ፥ የቅዳሴው ዜማና የገበያው ጩኸት በየዕለቱ ይገናኛሉ። ከሚሸጠው ብዙ ዕቃ ውስጥ ዛሬ የምንናገርበት ጌጥ ነው፤ ይኸውም ሰው ሠራሽ ጠጉር፥ የጠጉርና የከንፈር ቀለም፥ የፊት ቅባት፥ የጆሮና የአፍንጫ ጌጥ ነው። ይህን ከሚገዙት መካከል ገና ያልበሰሉ ልጆች አሉ፤ ከሚሸጡትም መካከል የልጆች አባቶችና እናቶች አሉ። ነገሩን ከባድ የሚያደርገውም ይህ ነው።

በዚሁ ሰፈር የምናውቀው አንድ ነጋዴ አለ። ማልዶ ሱቁን ይከፍታል፤ ወደ ቤቱም የሚገባው ቤተሰቡ ከተኛ በኋላ ነው። የ16 ዓመት ልጁ ጠጉሩን ግራና ቀኝ ተላጭቶ፥ መካከሉን አሳድጎ ቀለም ቀባው፤ ጆሮውንም ተበሳ። አባትየው ይህን ባወቀ ሌሊት፥ አንድ ቃል እንኳ ሳይናገር፥ መቀስ ይዞ ገብቶ ልጁ በተኛበት ጠጉሩን ቈረጠው። ልጁም ሲነጋ ወደ አክስቱ ቤት ሄደ፤ 3 ወር ሙሉ አልተመለሰም፤ ከሰንበት ትምህርት ቤትም ቀረ። ሽማግሌዎች ለዕርቅ በተቀመጡ ጊዜ ግን ልጁ የተናገረው ቃል ሁላችንንም ዝም አሰኘን። «ጉትቻውን የገዛሁት ከአባባ ጎረቤት ሱቅ ነው፤ እርሳቸውም ይህንኑ ለሰው ልጅ ይሸጣሉ። ጠጉሬንም የቀባሁት ከዚያ ሌሊት 3 ሳምንት አስቀድሜ ነበር፤ በአንድ ቤት ስንኖር አላዩኝም» አለ።

እንግዲህ ወላጅ ልጁን ሊገሥጽ ሲነሣ አስቀድሞ እውነትን መያዝ ይገባዋል። ጌጥ ሁሉ ከባሕር ማዶ የመጣ ነው ብንል እውነት አይሆንም። ቁንጮና ጋሜ የልጆች፥ ሹሩባ የሴቶችም የጦረኞችም ነበረ፤ ዐፄ ቴዎድሮስ ጠጉራቸውን ይሠሩ ነበር፤ አርበኞችም በዱር ሳሉ ጠጉራቸውን አጐፍረው ነበር። እናቶቻችን አንገታቸውንና ድዳቸውን ተነቅሰዋል፤ ዓይናቸውን ተኵለዋል፤ እጃቸውን በእንሶስላ አቅልመዋል። በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በዩኒቨርሲቲ ስለ ቀረበው የልብስ ትርኢት ብጥብጥ በተነሣ ጊዜም፥ አጭሩን ቀሚስ የተቃወሙት ሽማግሌዎች ሳይሆኑ ተማሪዎች ነበሩ። ስለዚህ ወጣት ሁሉ ለጌጥ ያደረ፥ ሽማግሌም ሁሉ ከጌጥ የራቀ አይደለም።

ቅዱስ መጽሐፍም ነገሩን እንዲሁ ያስረዳናል። እስራኤል በሲና ሥር ሳሉ ከሚስቶቻቸው፥ ከወንዶችና ከሴቶች ልጆቻቸው ጆሮ የወርቅ ጉትቻ አውልቀው ጥጃ አሠሩበት (ዘፀ. 32፥2-4)። ያው ሕዝብ ጥቂት ቆይቶ ጉትቻውንና ቀለበቱን ለእግዚአብሔር ድንኳን ሥራ በፈቃዱ አመጣ (ዘፀ. 35፥22)፤ የሴቶቹም መስተዋት ካህናት ለሚታጠቡበት ሰን ናስ ሆነ (ዘፀ. 38፥8)። ወርቁ አንድ ነው፤ የተለየው ልብ ነው። ዲድስቅልያም ወንድ ጠጉሩን እያስጌጠ እንዳይመላለስ ሲከለክል፥ ምክንያቱ ለሌላው ነፍስ ወጥመድ እንዳይሆን ነው። እንግዲህ ልጃችንን የምንጠይቀው «ይህ ከማን ሀገር መጣ?» ብለን ሳይሆን «ይህን የምታደርገው ለማን ብለህ ነው?» ብለን ሊሆን ይገባል።

ይህን ስንል ወሰን አይኑር ማለታችን አይደለም። ካህኑ ዔሊ ልጆቹን በቃል ቢወቅስም ስላልከለከላቸው ቤቱ ተፈርዶበታል (1 ሳሙ. 3፥13)። ነገር ግን ወሰን የሚጸናው የወላጁን ፊት በሚያይ ልጅ ላይ ነው። የአቤሴሎምን ታሪክ እንመልከት። የጠጉሩ ብዛት በእስራኤል ሁሉ የታወቀ ነበረ፤ በየዓመቱ ሲቈርጠው 200 ሰቅል ይመዝን ነበር (2 ሳሙ. 14፥26)። ጥቂት ዝቅ ብለን ስናነብ ግን በአባቱ ከተማ በኢየሩሳሌም 2 ዓመት ሙሉ ተቀምጦ የንጉሡን ፊት እንዳላየ እናገኛለን (2 ሳሙ. 14፥28)። ሕዝቡ ሁሉ ጠጉሩን ያያል፤ አባቱ ግን ፊቱን አያይም። ከዚህ በኋላ የሆነውን ዐመፅና የዳዊትን ልቅሶ ሁላችን እናውቃለን። በመርካቶ ስንት አቤሴሎም አለ!

ቅዱስ ዮሐንስ አፈወርቅ ስለ ልጆች አስተዳደግ ሲያስተምር የሕፃንን ነፍስ በከተማ መስሎ፥ ዓይንን፥ ጆሮን፥ አንደበትን በሮቿ ናቸው ይላል። በር ጠባቂ በሩን ትቶ ቢሄድና ሌሊት ተመልሶ በሩን ቢሰብር ከተማይቱን ጠበቀ አይባልም።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ወሰኑን በማስተዋል አድርጉት። ጠጉር ቢቈረጥ ያድጋል፤ ቀለምም ይታጠባል፤ በዚህ ነገር ታገሡ፥ ተመካከሩ፥ የትምህርት ቤቱንም ሥርዐት አስከብሩ። የማይመለሰውንና የሚጐዳውን ግን በግልጽ ከልክሉ። ብዙ ሰው በተበሳበት ባልጸዳ መርፌ መበሳትና መነቀስ የጉበት በሽታንና ኤች አይ ቪን ሊያስተላልፍ ይችላል፤ ቆዳ ያነጣሉ ከሚባሉት ቅባቶች ውስጥ ሜርኩሪ ያለባቸው ኵላሊትን ይጐዳሉ። ስትከለክሉም ምክንያቱን ንገሩ። አባት የከለከለውን እናት በስውር አትፍቀድ። ለልጃችሁ የከለከላችሁትን ጐጂ ነገር ለሰው ልጅ አትሽጡ፤ የሚዛን እውነት በሱቅ ብቻ ሳይሆን በቤትም ይፈለጋልና። ሐዋርያው ጳውሎስም ልጆች እንዲታዘዙ ካዘዘ በኋላ አባቶች ልጆቻቸውን እንዳያስቈጡ ማዘዙን አትርሱ (ኤፌ. 6፥1-4)።

እናንተም ካህናት አባቶቻችን፥ ጠጉሩን እንዲህ አድርጎ፥ ጆሮውን ተበስቶ የመጣውን ልጅ ከደጀ ሰላም አትመልሱት። በተጠመቀ ቀን ዓይኑና ጆሮው፥ አፍንጫውና ከንፈሩ በቅዱስ ሜሮን የታተሙት በእናንተው እጅ ነው፤ በአንገቱም የመጀመሪያ ጌጡ የሆነውን ማዕተብ ያሰራችሁለት እናንተ ናችሁ። አስቀድማችሁ ይህን አስታውሱት፤ ስለ ጉትቻው በኋላ ትነግሩታላችሁ።

ያ ነጋዴ ዛሬ በሳምንት 2 ማታ ሱቁን በጊዜ ዘግቶ ከልጁ ጋር ራት ይበላል፤ የሚያነጡትንም ቅባቶች ከመደርደሪያው አውርዷል። የልጁ ጠጉር አድጓል፤ ጉትቻውን ገና አላወለቀም፤ ነገር ግን ወደ ሰንበት ትምህርት ቤት ተመልሷል። አባትየውም ስለ ጉትቻው ሲጠየቅ «አሁን እንነጋገርበታለን» ይላል። እኛም ይህ «እንነጋገርበታለን» የሚለው ቃል ከመቀሱ ይልቅ የጸና ወሰን እንደ ሆነ እናምናለን።

የአባቶችን ልብ ወደ ልጆች፥ የልጆችንም ልብ ወደ አባቶች የሚመልስ አምላክ ቤታችንን ይባርክልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።