የጭራቁን አፍ ማን ዘጋው?

«ፍራንከንስታይን» ሲባል በዐይነ ኅሊናችሁ የሚመጣው ምንድን ነው? መጽሐፉን ያላነበባችሁትም ታውቁታላችሁ፤ አናቱ ጠፍጣፋ፣ አንገቱ ላይ ብሎን የተሰካበት፣ እጁን ዘርግቶ እየተጎተተ የሚራመድ፣ ከማጉረምረም በቀር ቃል የማይወጣው ፍጡር። ይህን መልክ የሰጠን እ.ኤ.አ. በ1931 ጄምስ ዌል ያዘጋጀው የአሜሪካ ፊልም ነው፤ ተዋናዩም ቦሪስ ካርሎፍ ነበር። ሜሪ ሼሊ በ1818 ባሳተመችው ልብ ወለድ ውስጥ ግን ብሎን የለም። ፍራንከንስታይን የሚለው ስምም የሠሪው እንጂ የተሠራው አይደለም። ቪክቶር ፍራንከንስታይን የተባለው ወጣት ተማሪ ሬሳ ገጣጥሞ ሕይወት ሰጠው፤ ስም ግን አላወጣለትም።

የስሙ ነገር ይቅር። የባሰው አንደበቱን መነጠቁ ነው። በመጽሐፉ ፍጡሩ ይናገራል፣ ያውም እንደ ተማረ ሰው። ቪክቶር በገዛ እጁ ሥራ ደንግጦ ሲሸሽ እርሱ ጫካ ይገባል፤ ከአንድ ድኻ ቤተሰብ ጎጆ ጎን ተሸሽጎ በግድግዳው ስንጥቅ እያየና እየሰማ ቋንቋ ይለምዳል፣ ማንበብም ይችላል። ካነበባቸው መጻሕፍት አንዱ የጆን ሚልተን «የጠፋችው ገነት» ነው። እዚያ አዳምን ያገኝና ራሱን ከእርሱ ጋር ያስተያያል፤ አዳም ፈጣሪው ያነጋገረው ነው፣ እርሱን ግን የሠራው ሰው ጥሎት ሄዷል። በኋላ በአልፕስ ተራሮች በረዶ መካከል ቪክቶርን ያገኘውና ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያወራለታል። ይህ ንግግር ብዙ ምዕራፎችን ይዟል፤ የመጽሐፉም ልብ እርሱ ነው።

ፊልሙ ይህን አውጥቶ በምትኩ ብልቃጥ አስገባ። የሳይንቲስቱ ረዳት አንጎል ሊሰርቅ ወደ ሕክምና ትምህርት ቤት ይሄዳል፤ የጤነኛው ሰው አንጎል ያለበት ብልቃጥ ከእጁ ወድቆ ሲሰበርበት የወንጀለኛውን ይዞ ይመለሳል። በቃ! ፍጡሩ ለምን ገደለ? አንጎሉ የወንጀለኛ ስለ ሆነ። ሼሊ እንዲህ ያለ ብልቃጥ አልጻፈችም፣ ረዳትም የላትም። ብልቃጡ ትንሽ ቢሆንም ጥያቄውን ሁሉ ይዘጋል፤ ክፋቱ አብሮት ከተሠራ ማንም አልበደለውም፣ እርሱም ምንም አልመረጠም። እኛም ስለ አንድ ሰው «ዘሩ ነው፣ ደሙ ውስጥ ያለ ነው» ስንል ያንኑ ብልቃጥ ይዘናል።

ካርሎፍን ግን አልወቅስም። ያለ ቃል፣ በዐይኑና በእጁ ብቻ፣ ድርሰቱ የነፈገውን ያህል ሰውነት ለፍጡሩ ሰጥቶታል። የሐይቁን ትዕይንት ተመልከቱ። ማርያ የምትባል ትንሽ ልጅ ሳትፈራው አበባ ትሰጠዋለች፤ አበባውን ውኃ ላይ እየጣሉ ሲንሳፈፍ እያዩ ይጫወታሉ። አበባው ሲያልቅ እርሷም የምትንሳፈፍ መስሎት አንሥቶ ይጥላታል፤ ትሰጥማለች። እርሱም ተደናግጦ ይሸሻል። ይህን ማሳየት ነውር ነው ተባለና መወርወሩ ተቆርጦ ወጣ። በተቆረጠው ቅጂ ፍጡሩ እጁን ወደ ልጅቱ ይዘረጋል፤ ከዚያ የሚታየው አባቷ ሬሳዋን ታቅፎ በከተማው መካከል ሲያልፍ ነው። በመካከል ያለውን ተመልካቹ በራሱ ይሞላል፤ የሚሞላውም ከእውነቱ የከፋ ነው። ሊጠብቁን ብለው ቆረጡት፣ በመቁረጣቸው ግን የበለጠ ጭራቅ አደረጉት። ትዕይንቱ ወደ ቦታው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። የሚገርመው ደግሞ በመጽሐፉ ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑ ነው፤ ወንዝ ውስጥ የወደቀች ልጅ ፍጡሩ ያወጣታል፣ ለውለታውም በጥይት ይመታል።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩትን ፊልሞች ሁሉ አልዘረዝርም። ዌል ራሱ በ1935 ባወጣው ተከታይ ፊልም ፍጡሩ ከአንድ ዐይነ ስውር ባሕታዊ ዘንድ ጥቂት ቃላት ይማራል። በ1994 ኬኔት ብራና ንግግሩን መለሰለት። በ2025 ደግሞ ጊዬርሞ ዴል ቶሮ አንደበት ብቻ ሳይሆን ንጽሕናም ጨመረለት። በመጽሐፉ የቪክቶርን ሙሽራ ኤልሳቤጥን በሠርጓ ሌሊት አንቆ የሚገድላት ፍጡሩ ነው፤ በዴል ቶሮ ፊልም የምትሞተው በቪክቶር ጥይት ነው። በመጨረሻም ሠሪና ተሠሪ ይቅር ተባብለው ይለያያሉ። ፊልሙ ያምራል፤ ልብም ይነካል። እኔ ግን ሳየው አንድ ነገር ከነከነኝ። በ1931 እንድንፈራው አንደበቱን ወሰዱበት፤ በ2025 ደግሞ እንድናዝንለት ኃጢአቱን አቀለሉለት። ተበድሎም በዳይ የሆነውን ሰው በአንድ ዐይን ማየት ይህን ያህል የሚከብደን ለምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ የፊልም ብቻ አይደለም። አባቱ ጥሎት ያደገ ወጣት እኅቱን ሲደበድብ ሁለት ወገን እንሆናለን። አንዱ «ታሪኩን አትንገሩኝ፣ መትቷታል» ይላል። ሌላው «ምን ያድርግ፣ እንዲህ ሆኖ አድጎ» ይላል። ሁለቱም የተስማሙበት ነገር አለ፤ ሰውን መስማት ማለት ነጻ ማውጣት ነው ብለው ያምናሉ። ስለዚህ አንዱ ነጻ እንዳያወጣው ጆሮውን ይደፍናል፤ ሌላው ስለ ሰማው ብቻ ነጻ ያወጣዋል። የተመታችው እኅት ግን በሁለቱም ወገን ንግግር ውስጥ የለችም። ዘፍጥረት 4 ላይ ያለው አካሄድ ከሁለቱም ይለያል። እግዚአብሔር ቃየንን ጠየቀው፣ ቅጣቱ እንደ ከበደበት ሲያማርርም ሰማው፣ ያገኘው ሁሉ እንዳይገድለው ምልክት አደረገለት። የአቤል ደም ግን ተረሳ አልተባለም።

ሼሊም ፍጡሩን ያናገረችው እንድንምረው ብቻ አይመስለኝም። የሚናገር ሰው ሊናዘዝም ይችላል። በበረዶው መካከል ብቸኝነቱን፣ መደብደቡን፣ መጠላቱን ከተረከ በኋላ በዚያው አንደበት የቪክቶርን ታናሽ ወንድም፣ ትንሹን ዊልያምን፣ እንዴት እንደ ገደለው ይናገራል። በዚያም አያበቃም። ከልጁ አንገት የወሰደውን ሥዕል በቤተሰቡ ውስጥ በምታገለግለው በጀስቲን ልብስ ውስጥ እንደ ሸሸገው ይናገራል። ጀስቲን ምንም አላደረገችውም፤ አይታው እንኳ አታውቅም። አፉ የተዘጋው የ1931 ጭራቅ ይህን ሊነግረን አይችልም፤ እርሷም በዚያ ፊልም ውስጥ የለችም። በብራና ፊልም አለች፣ ነገር ግን የተቆጣ ሕዝብ ያለ ፍርድ ይሰቅላታል።

በመጽሐፉ ሕዝቡ አልቸኮለም። ችሎት ተሰየመ፣ ምስክር ተሰማ፣ ሥዕሉም በማስረጃነት ቀረበ። ከተፈረደባት በኋላ የንስሐ አባቷ መጣ። እኛ በቤተ ክርስቲያን የምናስተምር ሰዎች ይህን ገጽ ቀስ ብለን ብናነበው መልካም ነው። ካልተናዘዝሽ ትወገዣለሽ፣ ገሃነም ይጠብቅሻል እያለ ያስጨንቃታል፤ እርሷም ያላደረገችውን አድርጌያለሁ ትላለች። በኋላ ለኤልሳቤጥ ስትነግራት፣ ሰውየው ጭራቅ ነሽ እያለ ሲያስፈራራት እውነትም ጭራቅ ነኝ ብላ ልታምን ምንም እንዳልቀራት ትገልጻለች። ቪክቶር በዚያ ክፍል ውስጥ ቆሞ ይሰማል። ገዳዩ ማን እንደ ሆነ ልቡ ያውቃል፤ ብናገር እብድ ይሉኛል ብሎ ግን ዝም ይላል። በማግስቱ ጀስቲን ተሰቀለች።