ስትሞላ የምትሰንፍ መኪና

አንዲት ኤንትሬ ነበረች። ፊያት ናት፤ አፍንጫዋ ጠፍጣፋ፣ ድምፅዋ ከማዶ የሚለይ። የአሰብ መንገድ በ1990 ዓ.ም. እስኪዘጋ ድረስ በወደቡና በመሀል አገር መካከል ስትመላለስ ኖራ፣ በስተርጅናዋ ከሸዋ ሮቢት ወደ አዲስ አበባ ሽንኩርት ማመላለስ ያዘች። መንገዱ 225 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጭንቁ ያለው ግን መነሻው ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ቆላ ነው፤ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ። ከዚያ ደብረ ሲናን አልፈው የጣርማ በርን ዋሻ እስኪያገኙ ድረስ መንገዱ እየተጠማዘዘ ከ3,000 ሜትር በላይ ይወጣል።

አንድ ዓመት ኤንትሬዋ ዳገቱን እምቢ አለች። ከሸዋ ሮቢት ደህና ትነሳለች፤ አርማንያ አካባቢ ስትደርስ ጉልበቷ ይከዳታል። ማርሽ ቢቀንሱላት ትንቀጠቀጣለች፤ ትንሽ ቆይታ ጭጭ ትላለች። ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከጎማው ሥር ድንጋይ ይወሽቃል። ሻይ ጠጥተው ሲመለሱ ምንም እንዳልሆነች ትነሳለች። ጥቂት ሄዳ ደግሞ ትቆማለች።

ፊልትሮው ተቀየረ፤ ቆመች። ኖዝሎቹ ወርደው ተፈተሹ፤ ቆመች። «ከፍታው ነው፤ አየሩ ስስ ነው» ያለም ነበር። በመጨረሻ አንድ መካኒክ ከነግፊት መለኪያው አብሯቸው ዳገቱን ወጣ። መኪናዋ መስነፍ ስትጀምር የመለኪያው መርፌ እየተንቀጠቀጠ ወረደ።

«ይኸው! ፖምፓው ደክሟል» አለ መካኒኩ።

አዲስ ፖምፓ ተገዛ። ባለመኪናው «ያበላሸኸው አንተ ነህ» ብሎ ግማሹን ዋጋ በሹፌሩ ላይ ጣለ። ሹፌሩ ኪሱን ቢፈትሽ ባዶ ነው። ቤሩት ወዳለችው ታላቅ እህቱ ደወለ። ላከችለት። ሁልጊዜም ትልካለች፤ ለአባታቸው ሕክምና፣ ለታናሾቹ ትምህርት ቤት፣ ለቤቱ ቆርቆሮ።

ኤንትሬዋ በአዲሱ ፖምፓ አርማንያ ደርሳ ቆመች።

እንደምንም እያረፉ ደብረ ሲና ሲደርሱ አንድ ሽማግሌ መካኒክ አሳዩአቸው። ጋራዥ የላቸውም፤ ከአንድ ባሕር ዛፍ ሥር የተቀመጠ የመፍቻ ሣጥን ብቻ ነው ያላቸው። ሹፌሩ የተቀየረውን ሁሉ ዘርዝሮ ነገራቸው። ሽማግሌው እስኪጨርስ ጠበቁት።

«ልጄ፣ ጉልበት ሲያንሳት ጭሷ ምን ይመስላል?»

«ጭስ የላትም፣ አባባ።»

«ጥቁርም?»

«ምንም።»

«እንግዲያው ከፍታው አይደለም። አየር ያነሰው ሞተር ያላቃጠለውን ናፍጣ ጥቁር ጭስ አድርጎ ይተፋል። የእሷ ረሀብ ነው።» ትንሽ አሰቡና «ታንከሩ ሲሞላ ነው ወይስ ሲጎድል የሚብስባት?» አሉ።

ሹፌሩ ዝም አለ። ይህን የጠየቀው ሰው አልነበረም። ከኋላ የቆመው ረዳት ግን «ስንሞላት ይብስባታል» አለ ፈራ ተባ እያለ። «ግማሽ ሲሆን አርማንያን አልፋ ትሄዳለች።»

«ሞልቶ የሚራብ ደግሞ የት አለ?» አለ ሹፌሩ በቁጣ።

ሽማግሌው ግን ተነሡ።

የመፍቻ ሣጥናቸውን አልከፈቱም። ወደ ታንከሩ ሄደው መዳፋቸውን ጎኑ ላይ አሳረፉ፤ የታመመ ሕፃን ግንባር እንደሚነካ ሰው። ብረቱ ወደ ውስጥ ጎድጎድ ብሏል። የሚያወሩትን በእጃቸው ዝም አሰኙ። ጆሯቸውን ወደ ክዳኑ አስጠጉና ክዳኑን ቀስ፣ ቀስ አድርገው አዞሩት።

ፍስስስ አለ። አየሩ ወደ ውስጥ ነበር የሚገባው። ረጅም ነበር፤ አላልቅ አለ። ከዚያ የታንከሩ ጎን ዷ! ብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ።

ክዳኑ ሲነሣ አንድ ፌስታል አብሮት ወጣ። በጥንቃቄ ታጥፎ፣ አፉን ግጥም አድርጎ የያዘ።

ረዳቱ አንገቱን ደፋ። «ጋሼ፣ ታንከሩ ሲሞላ መጠማዘዣው ላይ ናፍጣ እየፈሰሰ ባለመኪናው ከደመወዜ ቆረጡብኝ። ጠብታ እንዳይፈስ ብዬ ነው።»

ሽማግሌው አልተቆጡትም። ክዳኑን ወደ ፀሐይ አንሥተው አንዲት ቀዳዳ አሳዩት፤ መርፌ እንኳ በግድ የምታልፍባት። «ከዚህ አንድ ሊትር ናፍጣ ሲወጣ በዚህች በኩል አንድ ሊትር አየር መግባት አለበት። ሞልታችሁ ስትነሱ ውስጥ ያለው አየር 10 ሊትር ነው በል። 10 ሊትር ናፍጣ ስትስቡበት ያው አየር የ20 ሊትር ቦታ ሊይዝ ይለጠጣል፤ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ እሱም ወደ ራሱ ይስባል እንጂ አይሰጥም። ስታሳርፉት በየስንጥቁ ጥቂት አየር ይሰርቅና ደግሞ ጥቂት ይሰጣችኋል። ግማሽ ሲሆን አየሩ ሰፊ ስለሆነ ይቆይላችኋል።»

«ታዲያ ፖምፓው?» አለ ሹፌሩ።

«አሮጌውም ደህና ነበር።»

መለኪያው አልዋሸም፤ ግፊቱ በእርግጥ ወርዷል። ፖምፓ ግን ከኋላው የተሰጠውን ይገፋል እንጂ ከራሱ አያፈልቅም። ሞተር ሲቆም ሰው ይሰበሰባል፤ ስንት መካኒክ ይጠራል፣ ስንት ብር ይወጣል። ታንከር ድምፅ የለውም። ከእሱ የሚጠበቀው መስጠት ብቻ ነው፤ ሙሉ መሆኑን ካወቅን ሌላ ምን እንጠይቀዋለን? ያ ፌስታል የክፋት አልነበረም። ጠብታ እንዳትባክን የተደረገ ነው።

ኤንትሬዋ ሽንኩርቷን እንደተሸከመች ዳገቱን ጨርሳ 587 ሜትሩን ዋሻ አለፈች። ከዋሻው ወዲያ ሹፌሩ መኪናዋን ዳር አስያዘና ስልኩን አወጣ።

«ምን ሆናችሁ? ስንት ልላክ?» አለች እህቱ፣ ገና ሰላም ሳይላት።

«ገንዘብ አይደለም፣ እታለም።»

«አባባ አመመው?»

«አባባ ደህና ነው። አንቺ እንዴት ነሽ ልልሽ ነው።»

ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎት ስልኩን አየት አደረገና መልሶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ከዚያ ተነፈሰች፤ ረጅም ነበር፣ አላልቅ አለ። ሹፌሩ እጁን ሰደደና ሞተሩን አጠፋ፤ የምትለውን እንዲሰማ።