ዋጋውን ማን ይከፍላል?

በወጣቶች ኅብረት የጥያቄና መልስ ጊዜ ሲኖር፣ ታጥፈው ከሚቀርቡት ወረቀቶች መካከል «ጌም መጫወት ኃጢአት ነው ወይ?» የሚል አይጠፋም። መልሱም አብዛኛውን ጊዜ ስለ ሰዓት ነው፤ ስንት ሰዓት ትጫወታላችሁ፣ ስንት ሰዓት ትጸልያላችሁ ይባላል። መልካም ምክር ነው። ነገር ግን በጥቂት ብር የራሱን የጌም ኮምፒውተር ሊገጣጥም የተነሣ ወጣት፣ ገና አንድ ጨዋታ ሳይከፍት ሌላ ጥያቄ ይገጥመዋል፦ ርካሹ ዕቃ የረከሰው ለምንድን ነው? የጎደለውንስ ማን ከፈለው?

አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል፤ መገጣጠም በራሱ መልካም ሥራ ነው። በዘጸአት 31 ላይ እግዚአብሔር ባስልኤልን በመንፈሱ ሲሞላው የሰጠው የእጅ ጥበብ ነበር። አንድ ቢሮ የተጠቀመበትን ዴል ኦፕቲፕሌክስ ገዝቶ፣ አቧራውን ጠርጎ፣ ራም ጨምሮ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሮ ነፍስ የሚዘራበት ልጅ ትዕግሥትንና ማስተዋልን ይማራል። ለምሳሌ ብዙዎቹ የጂቲኤክስ 1650 ግራፊክስ ካርዶች ከ75 ዋት ስለማይበልጡ ከማዘርቦርዱ በሚያገኙት ኃይል ብቻ ይሠራሉ፤ ሌላ ገመድ አይፈልጉም። ካርዱ በሳጥኑ ውስጥ ይገባ እንደሆነ ግን ሳይገዙ መለካት ያስፈልጋል።

ጌታችን በሉቃስ 14 ስለ ግንብ ሠሪው የተናገረው ምሳሌ ይህንኑ ይመስላል። ሰው ሥራ ሳይጀምር ቁጭ ብሎ ወጪውን ይቆጥራል፤ አለዚያ መሠረቱን ጥሎ መጨረስ ያቅተውና መሳቂያ ይሆናል። ይህ ትምህርት ለከዚራ ልጅ እንግዳ አይደለም። ባቡሩ መጀመሪያ የታሰበው በሐረር በኩል እንዲያልፍ ነበር። ተራራውን መውጣት ውድ ስለሆነ መስመሩ በሜዳው ዞረ፤ እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ሲደርስ ድሬዳዋ ተቆረቆረች፤ ከዚራም በባቡር ጣቢያው ዙሪያ ቀጥ ባሉ መንገዶቿ ተሠራች። ይህ ብልህ ቁጠባ ነበር። ቢሆንም የጀመረው ኩባንያ መጨረስ አልቻለም። ሐዲዱ ለዓመታት እዚሁ ቆመ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1907 ከሰረ፤ ባቡሩ አዲስ አበባ የደረሰው በሌላ ኩባንያ እጅ እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። ከተማችን የተወለደችው በቁጠባም በኪሳራም መካከል ነው።

ኮምፒውተር የሚገጣጥሙ ሰዎች አንድ ምክር ይሰጣሉ፦ በፓወር ሰፕላይ ላይ አትቆጥቡ። ብዙ ጀማሪ የሚቆጥበው ግን እዚያው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ዕቃው አይታይም፣ ጨዋታውንም አያፈጥንም። መብራት በሚቆራረጥበትና ሙቀት በሚበረታበት እንደ ድሬዳዋ ባለ ከተማ፣ ርካሽ ፓወር ሰፕላይ ሲቃጠል ማዘርቦርዱንም ካርዱንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። በበጀታችንም ውስጥ እንዲሁ የማይታዩ ነገሮች አሉ። ሦስቱን እንመልከት።

አንደኛው ዕቃው የመጣበት መንገድ ነው። ታይዋን ገበያ ገብተን ሁለት አንድ ዓይነት ካርዶች ብናገኝ፣ አንደኛውም በብዙ ቢረክስ፣ «ቀረጥ ተከፍሎበታል?» ብለን እንጠይቃለን ወይስ ሳንጠይቅ ከፍለን እንወጣለን? በአዋጅ ቁጥር 859/2006 መሠረት ኮንትሮባንድ ወንጀል ነው። «ቀረጡ ከባድ ነው፤ ሻጩም ልጆቹን የሚያሳድግ ጎረቤታችን ነው፤ እኔ አንዲት ካርድ ብገዛ አገር አይፈርስም» የሚል አለ። ይህ የሚናቅ ክርክር አይደለም። ቀረጥ ድሃን ይከብዳል፤ ለልጆቿ ምግብ ርካሹን የምትገዛ እናት ላይ ለመፍረድም አልቸኩልም። እኛ የምንገዛው ግን መጫወቻ ነው። ለጨዋታ ስንል የችግረኛዋን ምክንያት ልንዋስ አይገባንም። የቀረውን ዋጋ የሚከፍለው ደግሞ በሌሊት ዕቃ ለማሻገር ነፍሱን የሚያስይዘው ሰው ነው፤ ቀረጡን በሐቅ ከፍሎ ደንበኛ ያጣው ነጋዴም ነው።

ሁለተኛው ክራክ የተደረገ ጨዋታ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በአዋጅ ቁጥር 410/1996 ጥበቃ የተሰጠው ሥራ ነው። «በብር ካርድ ከውጭ አገር መግዛት አስቸጋሪ ነው» ብትሉ እውነታችሁን ነው። ችግሩ ግን እንድንታገሥ ያስተምረናል እንጂ እንድንወስድ አይፈቅድልንም። «የውጭው ኩባንያ ሀብታም ነው፤ አይጎዳም» ስትሉም፣ አዲስ አበባ ያሉትን የቅኔ ጌምስ ወጣቶች አስቡ፤ የልጅነት ጨዋታችንን ስም የያዘውን «ኩኩሉ»ን የሠሩት እነርሱ ናቸው። ያልከፈልነው ሰው ሩቅ ሲሆን ፊቱ አይታየንም፤ ጎረቤት ሲሆን ግን ስሙን ሌብነት እንለዋለን። በሐቅ በነጻ የሚገኝም ሞልቷል፦ ሊኑክስ፣ ሱፐርተክስካርት፣ ዶታ 2።

ሦስተኛው ቤት ውስጥ ነው። ገንዘቡ የእናት ዕቁብ ወይም የታናሽ እህት የትምህርት ቤት ክፍያ ከሆነ፣ ገጣጣሚው ቆጠበ አይባልም፤ ሸክሙን ወደ ሌላ ትከሻ አዛወረ እንጂ። የመብራቱን ሒሳብ የሚከፍለው አባት ከሆነ፣ ማሽኑ ሳይገዛ እርሱን ማማከር የአክብሮት መጀመሪያ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ደረሰኝ እንጠይቅ። ያገለገለ ዕቃ ስንገዛ የማን እንደነበረ እንጠይቅ፤ ሻጩ መልስ ካጣ እንተወው። በሐቅ የተገዛ ደካማ ካርድ ጨዋታው በዝቅተኛ ጥራት እንዲታይ ያስገድደን ይሆናል፤ ምናልባትም አንድ ዓመት ያስጠብቀን ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ጓደኞቻችን ሲጫወቱ እኛ የምንጠብቅበት ዓመት ነው። ሆኖም ክርስቶስ የእኛን ዕዳ ራሱ ከፈለ እንጂ በሌላ አላስከፈለም። እርሱን የምንከተል ከሆነ የደስታችንን ዋጋ ራሳችን ለመክፈል እንፍቀድ፤ መክፈል ያልቻልነውንም ለጊዜው እንተወው።

ለኅብረት ውይይት፦
1. በቅርቡ በርካሽ ከገዛችሁት ነገር የቀረውን ዋጋ ማን ከፍሎት ይሆን?
2. ሻጩን መጠየቅ የሚያሳፍረን ለምንድን ነው?