ከክንፉ ሥር

መካነ ኢየሱስ ባሕር የላትም። የጉና ተራራ ጎረቤት ናት፤ እስቴ ላይ «ባሕር» ሲባል የሰው ልብ የሚሄደው ወደ ጣና ነው። አክስቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ግን አንድ ባሕር ተሰቅሏል። ልጇ ከአዲስ አበባ ጠቅልሎ ያመጣው ነው፤ ከክንድ ብዙም አይረዝም፣ መስተዋት ለብሷል። በሩ ሲከፈት የግቢው ባሕር ዛፍ መስተዋቱ ላይ ያርፍና ማዕበሉ ውስጥ የበቀለ ይመስላል። ያም ዛፍ ቢሆን ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነው፤ ስሙ ራሱ ይናገራል።

ሥዕሉ ቅጂ ነው። ዋናው ከሁለት ሜትር በላይ የሚቆም ሸራ ሲሆን እንግሊዝ አገር፣ ሊቨርፑል፣ ዎከር የሥዕል ቤት ውስጥ ይገኛል። ፍሬደሪክ ሌይተን እ.ኤ.አ. በ1891 ሣለው።

መጀመሪያ ዓይን የሚይዘው ብርሃኑ ነው። ከላይ፣ በፀሐይ ክበብ መካከል፣ ክንፋም ፈረስ ላይ የተቀመጠ ጎልማሳ ቀስቱን ለቋል። ከታች በውሃ የተከበበ ዓለት፤ ዓለቱ ላይ በሰንሰለት የታሰረች ልጃገረድ። በሁለቱ መካከል ዘንዶው አፉን ወደ ሰማይ ከፍቶ እሳት ይተፋል። ቆይቶ ላየው ሰው ግን ዓይን የሚቀረው ክንፉ ላይ ነው። አውሬው ያንን ጥቁር ክንፍ ልጅቱ ላይ እንደ ድንኳን ዘርግቶታል። ሊውጣት የመጣው ነው ጥላ የሆናት። ከላይ የሚወርደው ፍላጻ የሚያገኘው እርሱን ነው፤ እርሷ ከሥሩ ናት።

አያቴ መጀመሪያ ያዩት ዕለት አማተቡ። «ጊዮርጊስ ነው እንዴ? ፈረሱ ምነው ክንፍ አወጣ?» ቀጥለው ልጅቱን አዩ። «አበስኩ ገበርኩ! ነጠላዋንስ ማን ገፈፋት?»

«አይ እማማ፣ የፈረንጅ ተረት ነው» አላቸው የልጅ ልጃቸው።

እኔ ግን ብዙም አልተሳሳቱም እላለሁ። በዚያው ሳሎን፣ በማዶው ግድግዳ፣ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ላይ አለ። ጦሩ ዘንዶውን ወግቶ ጨርሷል፤ ያዳናት ብሩታዊት ልብሷን ለብሳ፣ ዛፍ ላይ ሆና፣ በሁለት ሙሉ ዓይኖቿ ታየናለች። የሌይተን ፈረሰኛ ፐርሲየስም በጥንቱ ተረት የመጣው በክንፋም ጫማ ነበር፤ ፈረሱን የሰጡት ከብዙ ዘመን በኋላ የተነሡ ናቸው። ልጅቱ የታሰረችበት ዓለት ኢዮጴ ጠረፍ ላይ ነበር የሚሉም አሉ፤ ዮናስ በመርከብ የተሳፈረባት ኢዮጴ። የጊዮርጊስ መቃብር ያለባት ልዳ ደግሞ ለኢዮጴ ቅርብ ናት። ሁለቱ ዘንዶዎች ጎረቤታሞች ናቸው።

ልጅቱ አንድሮሜዳ ትባላለች፤ የኢትዮጵያ ንጉሥ የሴፊየስ ልጅ። እናቷ ካሲዮፒያ በውበት ከባሕር ቆነጃጅት እንበልጣለን ብላ በመመጻደቋ አውሬው ተላከ፤ የእናት አፍ የልጅ ሰንሰለት ሆነ። የግሪኮች «ኢትዮጵያ» ከግብፅ በስተደቡብ ያለውን የጥቁር ሰው ምድር የሚያቅፍ ስም ነበር። ሮማዊው ባለቅኔ ኦቪድ ጠይም መሆኗን ጽፏል። ሌይተን ነጭ አድርጎ ሣላት። የቱንም ያህል ብርሃኑን ባደንቅ ይህ ደስ አይለኝም፤ ሥዕሉን በተመለከትሁ ቁጥር ከዚያ ገላ ሥር ሌላ ገላ እፈልጋለሁ።

ዓመቱም ዝም አያሰኝም። 1891 በእኛ 1883 እና 1884 ነው፤ ክፉ ቀን የምንለው ዘመን። ከጥቂት ዓመታት በፊት ምፅዋ ላይ ከመርከብ ከወረዱ ከብቶች ጋር ደስታ የሚሉት የከብት በሽታ ገባ። (ለእንዲህ ያለ ነገር ይህን ስም ማን እንዳወጣለት!) በሬ አለቀ፣ እርሻ ጾም አደረ፣ ሕዝብ በረሃብ ረገፈ። ሌይተን ለንደን ውስጥ የኢትዮጵያን ንጉሥ ልጅ ከባሕር በወጣ አውሬ ፊት ሲያቆም፣ እዚህ ገበሬው ጥማድ የሌለው ቀንበሩን ይዞ ቀርቶ ነበር። ሰማዩ ላይ ክንፋም ፈረስ አልታየም።

ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በመስኮት ስትገባ መስተዋቱ ያበራል፤ ፈረሱና ፈረሰኛው ይጠፋሉ። የሚቀረው ክንፉና ከሥሩ ያለችው ልጅ ብቻ ነው። የቡናው ጭስ ደግሞ እዚያ ላይ ያልፋል። ማንም አይናገርም።

ተረቱ ሁሉንም ሰማይ አውጥቷቸዋል፤ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ አዳኝ፣ አውሬውም ሳይቀር በስማቸው የሚጠሩ ኮከቦች አሏቸው። በኅዳር ወር፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ፣ መብራት በጠፋ ጊዜ ከዚህ ሳሎን ደጃፍ ወጥታችሁ ወደ ሰሜን ቀና በሉ። ካሲዮፒያ በአምስት ኮከቦቿ ትታያለች። አንድሮሜዳ ከእናቷ ከፍ ብላለች። ፐርሲየስ በስተምሥራቅ ነው፤ ከኋላዋ ይወጣል።